ለግራ እጅ የተሳለ ሰይፍ

ነገሩ በጠቅላላው ዘጠኝ መቶ ዶላርና ከጋሽ ደረጀ ጋር የነበረኝን ወዳጅነት አስወጥቶኛል። ወዳጅነቱ እንኳ ያን ያህል አልነበረም፤ ዘጠኝ መቶው ግን ጥሬ ገንዘብ ነው።

ሥራዬ ኪራዩ ያልተከፈለበትን ስቶሬጅ፣ ማለት ሰው ዕቃውን የሚያስቀምጥበትን የኪራይ ክፍል፣ በጨረታ ገዝቶ ውስጡ ያለውን ዕቃ ሳን ሆዜ ገበያ ላይ መቸርቸር ነው። በሩን ይከፍቱልሃል፤ መግባትና መንካት ክልክል ስለሆነ ከውጭ ቆመህ ባየኸው ልክ ትጫረታለህ። ሄይዋርድ ከተማ በዘጠኝ መቶ ያገኘሁት ክፍል ሶፋ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ካርቶኖችና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ነበረው። ረጅሙን ነገር የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነው ብዬ ንቄው ነበር። ቤት ወስጄ ገመዱን ስፈታው የሰናፍጭ ዘይት ሸተተኝ። ዘይቱ ከቆየ ጭስ ጋር ብረት ላይ ሲከርም የሚያመጣው፣ አፍንጫን ቆንጠጥ የሚያደርግ ሽታ። ያን ሽታ በዕድሜዬ የማውቀው አንድ ሰው ቤት ብቻ ነው። ብርድ ልብሱን ጭኔ ላይ እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ።

ከሱዳን መጥተን ኦክላንድ በተከራየነው አፓርትመንት፣ ከእኛ በታች አቶ ቴምሱ ይኖር ነበር። ከህንድ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከበርማ ድንበር ተራሮች የመጣ ናጋ ነው። «ህንድ ነህ?» ሲሉት «ፓስፖርቴ ህንድ ነው» ይል ነበር፤ ከዚያ በላይ አያብራራም። አውቶቡስ ይነዳል። ሚስቱ ሞታለች፤ ናሮ የምትባል በእኔ ዕድሜ ያለች ልጅ አለችው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ሲመለስ ከረባቱን ሳይፈታ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሰይፉን በድንጋይ ይስላል። ድምፁ ሳይቸኩል እየሄደ ይመለሳል። ከዚያ ከቢጫ ቆርቆሮ ሰናፍጭ ዘይት በጨርቅ ነክሮ ብረቱን እንደ ሕፃን ገላ ያሸዋል። እኛ ልጆች «ጋሽ ቴምሱ» ስንለው «አቤት» ይል ነበር። ከአማርኛ አጥርቶ የሚያውቃት ቃል እሷ ብቻ ነበረች።

የእኛ ሰዎች በፋሲካ በሬ በቅርጫ ይገዙ ነበር። ከኮረብታው ማዶ ካለ ከብት አርቢ ገዝተው፣ እዚያው አርደው፣ መደብ መድበው ዕጣ ያወጣሉ። ዕጣው ሰላም ያመጣል የሚባለው ውሸት ነው። መደቡ እኩል ካልሆነ ዕጣ ጠቡን ወደ እግዚአብሔር ያዞረዋል እንጂ አይፈታውም። በአንደኛው ዓመት በሻኛ የተነሳ ሁለት ቤተሰቦች ተኮራርፈው እስከ ጰራቅሊጦስ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥተው አስቀደሱ። በተከታዩ ፋሲካ እናቴ ጋሽ ቴምሱን ከነሰይፉ ይዛው መጣች።

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ሰውዬው ጴንጤ ነው፤ ሥጋችንን እንዴት ይነካል? እናቴ መቀነቷን እያጠበቀች «ያረደው የእናንተ ሰው ነው» አለቻቸው። «እሱ የሚቆርጠው ሥጋ ነው፤ ሃይማኖት አይደለም።» ሰይፉን በግራ እጁ ሲመዘው ደግሞ «ጉድ ፈላ፣ ግራኝ ከነሰይፉ ካሊፎርኒያ ገባ» አለችና አሳቀቻቸው። ሳቁ ፈቃድ ሆነ።

ያ ሰይፍ እጀታው ጋ ጠባብ ነው፤ ወደ ጫፉ እየሰፋ ይሄድና ሹል ሳይሆን እንደ ተቆረጠ ጣውላ ያልቃል። ክብደቱ ጫፉ ላይ ስለሆነ እንደ መጥረቢያም እንደ ቢላም ይሠራል። ስለቱ የሚሳለው ልክ እንደ መሮ በአንድ ጎን ብቻ ነው፤ ሌላው ጎን ልሙጥ ነው። በአገሩ የሚሳለው የቀኙ ጎን ነው፤ የእሱ ግን የግራው ነበር፤ አባቱ ለእሱ እጅ ብሎ ያሠራለት ነው። ሌላ ሰው ሲሞክረው ስለቱ ከአጥንቱ እየሸሸ ይንሸራተትበታል። አፎቱ በአንድ ፊት ክፍት የሆነ እንጨት ነው። የአገር ቤቱ የሸንበቆ መታጠቂያ ሲበጠስ ጋሽ ቴምሱ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ቀበቶ ሰፍቶበታል።

ዳቢቱን፣ ሽንጡን፣ ጎድኑን እየከፋፈለ መደቦቹን ፕላስቲክ ላይ ሲደረድር ሽማግሌዎቹ አንዱን ከአንዱ ማበላለጥ አቃታቸው። ዕጣ ሲወጣ ግን እሱ ራቅ ብሎ ሰይፉን ይጠርግ ነበር። እናቴ በእኔ አስተርጓሚነት ለምን ዕጣ እንደማይጥል ጠየቀችው።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «የቱ እንደሚሻል አውቃለሁ። የሚያውቅ ሰው መጨረሻ የቀረውን ይወስዳል። በእኛ ተራራ እንደዚህ ነው።»

አንዱ ሽማግሌ ሰይፉን ሊገዛው ዋጋ ጠየቀው። ጋሽ ቴምሱ ራሱን ነቀነቀ። አይሸጥም፤ ከሰው ጋርም አይቀበርም፤ የወንድሙ ልጅ አድጎ ይወስደዋል። ናሮ ኳሷን ይዛ ቆማ ነበር። «እኔስ?» አለችው። «አንቺ ታቆዪለታለሽ» አላት። ፊቷን አላየሁም።

በኋላ እኛ ወደ ሳን ሊያንድሮ ሄድን። እሱ መሞቱን የሰማሁት ተቀብሮ ከከረመ በኋላ ነው።

እና አሁን ጭኔ ላይ ያለው የማን ነው? ሽታ ማስረጃ አይሆንም፤ ሽታ ብቻ አምኖ የገዛ ነጋዴ ተርቦ ያድራል። ብረቱን መዝዤ በጣቴ ዳሰስኩት። የተሳለው የግራው ጎን ነው። አፎቱ ላይ የመኪና ቀበቶው፣ ከነክሩ።

ሳን ሆዜ ሬስቶራንት ላለው ለጋሽ ደረጀ፣ ከልማድ የተነሳ፣ ብዙም ሳላስብበት፣ ፎቶውን ላክኩለት። ወዲያው ደወለ።

«የጎንደር ጎራዴ ነው» አለኝ። «ግድግዳው መሐል እሰቅለዋለሁ። ሦስት ሺህ።»

«ጋሽ ደረጀ፣ ጎራዴ ጫፉ ሹል ነው። ይኼ እንደ አካፋ ነው።»

«ተሰብሮ ነዋ፤ ጦርነት ላይ።»

«የህንድ ነው። ናጋ የሚባሉ የተራራ ሰዎች አሉ...»

«አንተ ልጅ፣ ሦስት ሺህ እየሰጠሁህ ጂኦግራፊ ታስተምረኛለህ? ደረሰኙ ላይ ጎንደር ብለህ ጻፍ፣ በቃ። በላተኛ የሚያየው ጥብሱን ነው።»

ነገ ኮል አደርግልዎታለሁ ብዬ ዘጋሁት። ዕቃ የማመላልስበት የቫኔ ትራንስሚሽን እያጣጣረ ነበር፤ ሦስት ሺህ ያስነሳዋል። ቫን የሌለው የእኔ ዓይነት ነጋዴ ደግሞ እግረኛ ነው።

በእኛ ሥራ ካርቶን ውስጥ የተገኘ ፎቶና የግል ወረቀት ለስቶሬጁ ቢሮ ይመለሳል፤ እነሱ ለባለቤቱ ይሰጣሉ። ከካርቶኖቹ የወጡትን የጋሽ ቴምሱንና የናሮን ፎቶዎች ስመልስ ስልኬን ፖስታው ላይ ጻፍኩበት። ናሮ ደወለች። በእንግሊዝኛ ነበር የምታወራው። ሥራ ለቃ ኪራዩ እንዳለፋት ነገረችኝ፣ ሶፋውን እንደማትፈልግ ነገረችኝ።

«አንድ ረጅም ነገር ነበር» አለች በመጨረሻ። «የአጎቴ ልጅ ሊወስደው በዚህ ወር ይመጣል። በደወለ ቁጥር ‹አለ› እያልኩት ነው።»

«አለ» አልኳት።

ሳን ሊያንድሮ ባቡር ጣቢያው ፓርኪንግ ተገናኘን። ፀጉሯ ሸብቷል፤ የእኔም እንደዚያው። ሰይፉን ግማሽ ድረስ መዝዛ አሸተተችው፤ መልሳም ከተተችው። ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሦስት ሺህ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር።

«የማይሸጥ ዕቃ ነው ሲባል ሰምቻለሁ» አልኳት።

ለቤንዚን ብላ ስልሳ ዶላር እጄ ላይ ጫነችብኝ። ተቀበልኩ። ነጋዴ ነኝ።

ጋሽ ደረጀ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። ግድግዳው ላይ ከኢንተርኔት የገዛው ጎራዴ ተሰቅሏል አሉ፤ የት እንደተሠራ አልጠየቅኩም። እኛ ግን ዛሬም በፋሲካ ቅርጫ ስንገባ ሥጋውን የቆረጠው ሰው ዕጣ ውስጥ አይገባም፤ የተረፈውን ይወስዳል። በዲቪ የመጡት ልጆች ጥንት ከአገር ቤት የመጣ ወግ ይመስላቸዋል። አላረምኳቸውም።

ከሶፋው፣ ከማሽኑና ከቀረው ዕቃ ስድስት መቶ አሥር አገኘሁ። ከናሮ ስልሳ። ኪሳራ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ዶላር።