ሙሽሮቹን የጫነችው አሮጌ ፒካፕ

ነገሩ የሆነው ካቻምና ጥር ላይ፣ መኪና ልገዛ ዳባት በሄድኩበት እሁድ ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ያስቀኛል።

ደባርቅ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት እነግዳለሁ። ከገበሬ የምረከበውን ጆንያ በሰው መኪና እየለመንኩ ማመላለስ አንገፍግፎኝ ነበር። ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የዳባት እህል ነጋዴ አሮጌ ፒካፓቸውን በርካሽ ሊሸጡ መሆኑን ስሰማ፣ መካኒክ የሆነውን ታናሽ ወንድሜን አስማረን ይዤ ሄድኩ። ያጠራቀምኩት ለአንድ መኪና ብቻ ነው የሚበቃው፤ ከተሳሳትኩ ንግዴም አብሮ ማክተሙ ነው።

ጋሽ ሰይድ ገና ሰላም እንደተባባልን፣ "ልጄ፣ ሌላ ሰው ሳይነግርሽ እኔው ልንገርሽ" አሉኝ። "ሞተሪኖው ሞቷል፤ ካልተገፋች አትነሳም። ዳገት ላይ ትሞቃለች። የቀኝ በሯ ከውስጥ አይከፈትም። ፍሬኗ ግን ደህና ነው፤ በፍሬን አልቀልድም።"

አስማረ ከሥሯ ገብቶ አያት። ልብሱን እያራገፈ ወጣና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"እታለም፣ ይቅርብሽ። ይቺን ከገዛሽ ዕድሜ ልኬን እሷን ስጠግን ልኖር ነው።"

ልቤ ግን እምቢ አለኝ። ጋሽ ሰይድም "ነድታችሁ እዩዋት" ሲሉን፣ ገፍተን አስነሳናትና ሦስታችንም ወደ ደባርቅ መንገድ ወጣን።

ብዙም ሳንርቅ በአበባ ያጌጠች የቤት መኪና ኮፈኗ ተከፍቶ መንገድ ዳር ቆማ አየን። ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሙሽራው ስልኩን ይዞ ይንቆራጠጣል። ሚዜዎቹ እየሮጡ መጥተው፣ ደባርቅ ዳስ ተጥሎ ቤተሰብ እየጠበቃቸው መሆኑን ነገሩንና እንድናደርሳቸው ለመኑን።

"እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ? የዛሬዋ ባለመኪና እሷ ናት" አሉ ጋሽ ሰይድ፣ በእጃቸው ወደ እኔ እያመለከቱ።

"ዳገቱ ላይ ብትቆምስ?" አለኝ አስማረ።

"ሙሽራ ድንጋይ ላይ ጥለን ልንሄድ ነው? ግቡ!" አልኩ።

ሙሽሮቹ ከአስማረ ጎን ገቡ። እኔ፣ ጋሽ ሰይድና ሚዜዎቹ ከኋላ ተጫንን። አስማረ ግን ስናወራ ሞተሩን አጥፍቶት ኖሯል። ሚዜዎቹ ሱፋቸውን እንደለበሱ ወርደው እየዘፈኑ ገፏት። ዳገቱ ላይ ደግሞ እንደተባለውም ሞቀች። ቆመን ቀዝቀዝ እስክትል ጠበቅንና ለሙሽሮቹ የተያዘውን የታሸገ ውሃ ራዲያተሯ ውስጥ ገለበጥነው። ሙሽራዋ ያን ጊዜ እንባዋን ረስታ በሳቅ ትፈርሳለች።

ዳሱ ጋ ስንደርስ እልልታው ቀለጠ። ሙሽሮቹ ግን አይወርዱም። ሰዉ ግራ ገባው። ለካስ በሩ ነው! ጋሽ ሰይድ በዚያ ዕድሜያቸው ከኋላ ዘለው ወረዱ፤ ኮፍያቸውን አስተካከሉና እንደ ባለሥልጣን ሾፌር ጎንበስ ብለው ከውጭ ከፈቱላቸው። እልልታው እንደ አዲስ ተነሳ።

ሳትበሉ አትሄዱም ተባልን። ለጋሽ ሰይድ የሙስሊም ምግብ ለብቻ ቀረበላቸው። አስማረ ጉርሻውን ዋጠና ወደ እኔ ዞረ።

"ይህን ሁሉ ሰው ጭና ያን ዳገት ከወጣች ሞተሯ ጤነኛ ነው። ሞተሪኖና ራዲያተር እንቀይርላታለን። ግዢያት።"

እዚያው ዳስ ውስጥ ተስማማን። ጋሽ ሰይድ ቁልፉን ሰጡኝና፣ "አደራሽን፣ ስትቆም አትጩሂባት" አሉኝ።

አስማረ እያጉረመረመ ጠገናት፤ ሽንኩርቴን እስከ ዛሬ ታመላልሳለች። ሙሽራዋ ደግሞ ዓምና ሴት ልጅ ወለደችና የክርስትና እናት እንድሆናት ላከችብኝ። ደስታዬን አልነግራችሁም። ደባርቅ ውስጥ ከወንድሜ በቀር ዘመድ አልነበረኝም፤ አሁን በዓል ሲመጣ የሚጠብቀኝ ቤት አለ። በቀደም ስሄድ ልጅቷ በዳዴ ደጃፉ ድረስ መጥታ ቀሚሴን ያዘችኝ።