ለቤት የሚሆን ትንሽ ቶርኖ

ሶዶ ውስጥ ቶርኖ አስተምራለሁ። ቶርኖ ብረት እያሽከረከረ፣ ቆራጩ ሲጠጋው የወፈረውን የሚያቀጥን፣ የተበላውን በአዲስ የሚተካ ማሽን ነው። ኮሌጅ ውስጥ «ሌዝ ማሽን» እንለዋለን፤ በእንግሊዝኛ ሲጠራ አስተማሪውም ከፍ ያለ ይመስላል። አስራ ዘጠኝ ዓመት አስተማርኩ። በእነዚህ ዓመታት በገዛ እጄ የፋቅሁት ብረት ቢሰበሰብ የሸሚዝ ኪስ አይሞላም።

ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ተማሪ ሳለሁ ለክፍሉ ሁሉ አንድ ማሽን ነበር፤ እኔ በደንብ አጥንቼ የተመረቅሁት የቴክኒሺያኑን ጀርባ ነው። የተመደብኩበት ኮሌጅ ደግሞ በእርዳታ የመጣ ትልቅ ማሽን አለው። ላስቲኩን እንደለበሰ ቆሟል። መጀመሪያ የሚተክለው ባለሙያ ይጠበቅ ነበር፣ ቀጥሎ የመብራት መስመሩ፣ ቀጥሎ ርክክቡን የሚፈርም ሰው። አሁን ምን እንደሚጠበቅ የሚያውቅ የለም፤ መጠበቁን ግን አላቋረጥንም። እስከዚያው በጠመኔ አስተምራለሁ። ሰሌዳ ላይ የምስለው ቶርኖ ባለ ሦስት ቀለም ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ዲኑ ይዞት የሚገባው እኔ ክፍል ነው።

አንድ ቀን ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ አየሁ። «ለቤት የሚሆን ትንሽ ቶርኖ፣ በቤት መብራት የሚሠራ፣ ዋጋው ተመጣጣኝ።» ከምን ጋር እንደሚመጣጠን አይናገርም። ከመምህር ደመወዝ ጋር አለመሆኑን ስደውል ተረዳሁ። ቢሆንም ገዛሁት። ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ «ለትርፍ ሰዓት ሥራ ነው» አልኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። በሬን ዘግቼ፣ ማንም ሳያየኝ፣ የማስተምረውን ነገር እችለው እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው። አለመቻሌን እፈራ ነበር፤ ፍርሃቱ አብሮኝ ብዙ ዓመት ኖሯል።

ማንም ሳያየኝ ያልኩት ሶዶ ውስጥ መሆኔን ረስቼ ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ በአይሱዙ መጣ፤ ከመናኸሪያ የተሸከመው ባጃጅ እያቃሰተ ሰፈራችን ሲገባ ጎረቤት ሁሉ ደጅ ወጥቶ ነበር። ባለቤቴ የካርቶኑን ትልቅነት አይታ ፊቷ በራ።

«ፍሪጅ ነው?»

«አይደለም፣ ቶርኖ ነው።»

«እሺ፣ ምን ያቀዘቅዛል?»

ሰርቪስ ቤቱን ግን ለቀቀችልኝ። እዚያ የነበረውን የጎዳሬ ጆንያ ወደ መኝታ ቤት አዛወረችው፤ በኔ በኩል።

እኛ ሰፈር አዲስ ዕቃ ሳይጸለይበት አይነካም። ባጃጅ ቢሆን፣ ወፍጮ ቢሆን፣ የሶፋ ወንበር ቢሆን ጎረቤት ተሰብስቦ ያመሰግናል። ስለዚህ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ግቢያችን ሞላ። የሰፈራችን የጸሎት መሪ፣ ድምፃቸው ያለ ማይክ የሚበቃ አዛውንት፣ ማሽኑ ላይ እጃቸውን ጭነው ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ስለ ብረቱ ጸለዩ፣ ስለ መብራቱ ጸለዩ፣ በመጨረሻ «እውቀት ስለሞላባቸው የቲቸር እጆች» ሲሉ ዓይኔን ይበልጥ ጨፈንኩ። አሜን ተባለ። ሰው የቀረበለትን በሚያቃጥለው ዳጣ እያጣቀሰ በልቶ ይሄዳል ብዬ ነበር።

«በሉ እንግዲህ ቲቸር፣ ማሽኑ ቆንጆ ናት፣ ያስነሷት» አሉ አዛውንቱ። «የእህታችን ጋሪ ቡሹን በልቶታል። መጀመሪያ የእሷ ይሠራ፣ ለበረከት።»

እህታችን ያሏት በእጅ ጋሪ ለሻይ ቤቶች ውሃ የምታመላልስ ጎረቤታችን ናት። ጎማውን ነቅላ ይዛ መጥታለች። ቡሹ፣ ማለትም አክሱሉ የሚሽከረከርበት ቀለበት፣ አልቆ ጎማው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ለቶርነኛ ቀላል ሥራ ነው፤ እኔ ራሴ ፈተና ላይ ስንት ጊዜ አውጥቼዋለሁ።

በልቤ መብራት እንዲጠፋ ጸለይኩ። በሳምንት አራት ቀን የሚጠፋ መብራት ነው፤ ብዙ አልጠየቅሁም። ያን ቀን ግን ለአዛውንቱ ጸሎት አድልቶ ቦግ ብሎ ዋለ።

አንድ ቁራጭ ብረት ማሽኑ ላይ አሰርኩ። ማሽኑ ሲሽከረከር ሴቶቹ እልል አሉ። ቆራጩን አስጠጋሁ። ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ተሰማ፣ ጠረጴዛው ተንዘፈዘፈ፣ ብረቱ ከማሰሪያው ተፈናጥሮ የቆርቆሮውን ግድግዳ መታና እግራችን ሥር ወደቀ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልነካም። እልልታውም ቆመ።

መጀመሪያ የተናገሩት አዛውንቱ ናቸው። «የቻይና ነገር» አሉ፣ አዝነው።

«ርካሽ ነው፣ ምን ይደረግ» አልኩ እኔ። ከአፌ እንዴት ፈጥኖ እንደወጣ ገረመኝ።

«ቲቸር እኮ በትልቁ ነው የለመዱት» አለ ሌላው። «በዚህ መጫወቻ እንዴት ይሥሩ?»

በትልቁ እንደለመደ ሰው አንገቴን ነቀነቅሁ። ማሽኑ መልስ አይሰጥም፤ ለዚህ ለዚህ የተመቸ ዕቃ ነው። ጎረቤታችን ጎማዋን አንስታ «ስለ ድካምዎ እግዜር ይስጥልኝ» ብላኝ ወጣች። በማግስቱ ጠዋት ጄሪካኑን በጀርባዋ አዝላ በደጃችን ስታልፍ አየኋት። ከሰዓትም አየኋት። በሦስተኛው ቀን ማየቱን ትቼ በጓሮ በር መውጣት ጀመርኩ። አፍሬ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

በአራተኛው ቀን ወደ አረካ መውጫ ካለ ቶርኖ ቤት ሄጄ አንድ ወጣት ባለሙያ ለመንኩ። «ማሽኔ ችግር አለበት፣ እይልኝ» አልኩት። አሁንም ማሽኔ።

መጣ። ቻኩን፣ የብረቱን ማሰሪያ፣ በእጁ አዙሮ አዳመጠ፣ ጎንበስ ብሎ ቆራጩን በጎን አየ።

«ጤነኛ ናት» አለ። «ቆራጩ ከመሃል ዝቅ ብሏል፣ ብረቱም ሲታሰር ላልቷል። ሌላ ምንም የላትም።»

«የቆራጩ ጫፍ ከብረቱ መሃል ጋር እኩል መሆን አለበት፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» ይህ የኔ ፈተና የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ልጁ ቆራጩ ሥር ስስ ቆርቆሮ ወሸቀ፣ ማሰሪያውን በደንብ አጠበቀ፣ ማሽኑን አስነሳ። ያው የሚጮኸው ማሽን ብረቱን ዝም ብሎ በላ። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ይወርድ ጀመር። እኔ ሰሌዳ ላይ ቻኩን ስዬ በማልጨርስበት ጊዜ የጋሪውን ቡሽ በሰጠሁት ልክ ፋቀው፣ በሳው፣ ለካው፣ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው።

«የት ተማርክ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «እርስዎ ጋ ነዋ፣ ቲቸር።»

አላስታወስኩትም። እሱ ግን የሰሌዳዬን ቀለሞች ሁሉ ያስታውሳል። ከተመረቀ በኋላ ሥራ ሲያጣ ጋራዥ ውስጥ ጠራጊ ሆኖ ገብቶ፣ ከባለሙያዎቹ ሥር ሥር እያለ እንደለመደ ነገረኝ። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ እንዳይቀየሙኝ። ለምንድነው የሰሰቱብን? እኛ ልጆቹ ስንገናኝ እናነሳዋለን። ቲቸር ሙያው አለው፣ ግን ለኛ መስጠት አልፈለገም እንላለን።»

እነሆ፣ እንዲህ ያለ የክብር መውጫ በር ተከፍቶልኛል። ሰስታም ቢሉኝ ባለሙያ እንደሆንኩ እቀራለሁ። ማሽኑን አንዴ በሐሰት የወነጀለ ምላሴ ለዚህ አያንስም ነበር፤ እንዲያውም «ዘመኑ ነው ልጄ» ብዬ ለመጀመር አፌን ከፍቼ ነበር። ልጁ ግን መልሱን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ፊት ነበረው።

«አልሰሰትኩባችሁም» አልኩት። «ስለማልችል ነው። በሕይወቴ አንድ ቡሽ ሠርቼ አላውቅም።»

ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም። ከመሬት ሌላ ቁራጭ ብረት አንስቶ አሰረ፣ አጠበቀ፣ ከማሽኑ ፊት ዞር አለ።

«እዚህ ይቁሙ።»

ቆምኩ። ቀኝ እጄን ይዞ ቆራጩን በሚያስጠጋው መዘውር ላይ አሳረፈው። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መደበቂያም አልነበረውም።

«እኔንም መጀመሪያ እንዲህ ያደርገኝ ነበር» አለኝና እጁን ከእጄ ላይ ሳያነሳ ማሽኑን አስነሳው።