ለእህቴ የሰጠኋት የልደት ቀን

ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እሷ የጣፈችውን ሱሪ ባለቤቱ እንኳ አገላብጦ ስፌቱን አያገኘውም። አምና መርፌ ላይ ክር ልትሰካ ስትል ክሩ ከቀዳዳው ጎን ጎን ማለፍ ጀመረ። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። የዓይን ግፊት ነው አሉ።

"የጠፋውን ብርሃን አንመልሰውም" አለቻት ዶክተሯ። "የቀረውን ግን በቀዶ ጥገና ማቆየት ይቻላል። ብቻ አይዘግዩ።"

የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ ሲደርስ እህቴ አልሄድም አለች። እኔ የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው፤ የመጽሔት ገጽ እየደረደርኩ በሽቦ እሰፋለሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ኮከብ ቆጠራ አለ። የእሷ ኮከብ ሰንቡላ ነው፤ ሰንቡላ ደግሞ በዚያ ወር ከስለት ራቁ ይላል።

"ያንን የሚጽፈው ለማተሚያው ሆሄ የሚደረድረው ፊደል ለቃሚያችን ነው" አልኳት። "ሥራ ሲበዛበት የአምናውን የሑት ኮከብ ጽሑፍ አንስቶ ለዘንድሮ ሰንቡላ ይሰጣል። በዓይኔ አይቻለሁ።"

"እጁን የሚመራው አለ፣ እትዬ።"

ያኔ ስንት ዓመት የደበቅኩትን አወጣሁት። ትምህርት ቤት ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ፤ እናታችን ታማ ተኝታ ነበር። መዝጋቢው የተወለደችበትን ቀን ሲጠይቀኝ አላውቅም ለማለት አፈርኩ። ከጀርባው የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አይቼ የዚያኑ ዕለት ቀን ነገርኩት። እሱም ስቆ ጻፈው። ሰንቡላ የሆነችው በዚያ ነው።

"ከዓመቱ ቀን ሁሉ መርጦ ያንን አፍሽ ላይ ያመጣው ማን ይመስልሻል?" አለችኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ፤ ሌላ ቀጠሮ ልለምን ሐኪም ቤት ተመለስኩ።

ሁለተኛው ቀጠሮ ከሦስት ወር በኋላ ነበር። ለምርመራ ብቻ ብዬ ለምኜ ወሰድኳት። ዶክተሯ ነገሩን ስትሰማ አልሳቀችባትም፤ ወንበሯን አስጠግታ አስረዳቻት። ፀሐይ በዓመት ውስጥ የምታልፍበትን የሰማይ መንገድ የጥንት ሰዎች ለአሥራ ሁለት ከፈሉት። አንድ ሰው ሲወለድ ፀሐይ የነበረችበት ክፍል ኮከብህ ነው ይሉታል። ከዚያ ወዲህ ግን ሰማዩ ተንሸራቷል፤ መዝገቡ ላይ በሰፈረው ቀን ፀሐይ የምትገኘው አንበሳ ወይም አሰድ የሚባሉት ከዋክብት ዘንድ ነው። ተመራማሪዎችም ለኮከብ ቆጣሪዎች የሰዎችን የልደት ሰዓት ሰጥተው፣ የትኛው ጠባይ የማን እንደሆነ ለዩ ብለዋቸው ነበር። ዝም ብሎ ከሚገምት ሰው አልተሻሉም።

"ታዲያ አንበሳ ከሆንኩ ስለት ምን ያስፈራኛል ነው የሚሉኝ?" አለች እህቴ። ዶክተሯም እኔም ሳቅን። ደስ አለኝ፤ አለቀ ብዬ ነበር። ቤት ስንገባ ግን "እስቲ የአንበሳውንም አንብቢልኝ" አለችኝ። አነበብኩላት። አንበሳ "ትዕግሥት ይኑርህ" ይላል። ታገሠች፤ ቀዶ ጥገናውንም አቆየችው።

ሦስተኛው ቀጠሮ ሲቃረብ ፊደል ለቃሚው ዘንድ ሄድኩ።

"ለሰንቡላ ሐኪም የሚለውን ስሙ ብለህ ጻፍልኝ።"

"ይኸው፣ አንቺም ከሰማይ ጋር መነጋገር ጀመርሽ" አለኝ። ከዚያ ፊቴን አየና ጻፈልኝ፦ "ሰንቡላ፤ የሐኪምህን ቃል ስማ፤ ስለቱ ለበጎ ነው።"

መጽሔቱ በወጣ ማግስት ሳልቀሰቅሳት ለብሳ ጠበቀችኝ።

ቀዶ ጥገናው የተሠራው ለግራ ዓይኗ ብቻ ነው። ቀኙ አልቆለታል አለችኝ ዶክተሯ ኮሪደር ላይ ጠርታ፤ በመጀመሪያው ቀጠሮ መጥታችሁ ቢሆን ይተርፍ ነበር። በግራው የምታየው እንደ በር ክፍተት ጠባብ ነው። መርፌ ላይ ክር ለመሰካት የሚበቃ አይደለም።

ስንወጣ ክንዴን ይዛ "አየሽ አይደል፣ እትዬ" አለችኝ። "ኮከቤን ባልሰማ ኖሮ ይህችም ትጠፋ ነበር። አንቺ ደግሞ ውሸት ነው ስትዪ ከረምሽ።"

ደረጃው ጋ ስንደርስ "እግርሽን አንሺ" አልኳት።