አባቴ ወደ ኦሪቱ ያልተጠሩበት ሰንበት

አባቴ ሲያትል የመጡት በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። እኔ በሱዳን በኩል ተሰድጄ ቀድሜያቸው ስለነበር ሴንትራል ዲስትሪክት ውስጥ አንዲት አፓርታማ ተከራይቼ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሎችን እያጠብኩ እኖር ነበር። ቼሪ መንገድ ላይ ያሉት ሐበሾች ጎንደሬ መሆኔን ያውቃሉ። ከዚያ በላይ አልነገርኳቸውም። የቤተ እስራኤል ልጅ ነኝ ብል፣ አብረውኝ ቡና ከሚጠጡት መካከል አንዷ ልጇን ከዐይኔ እንደምትሸሽግ አውቃለሁ።

አባቴ ግን መሸሸግ ሰልችቷቸው ነው የመጡት። ገና በሁለተኛው ሰንበት፣ "እዚህ አገር እስራኤሎች አሉ ብለሽኝ አልነበር? የት ነው የሚጸልዩት?" አሉኝ።

ጠያይቄ አንድ ምኩራብ አገኘሁና ደወልኩ። ረቢው ራሱ ስልኩን አነሳ። ነገሩን ስነግረው ደስታውን መደበቅ አልቻለም። "ማክሰኞ ማታ ማታ የአዋቂዎች ትምህርት አለን። ዕብራይስጥ፣ ጸሎት፣ ኦሪት። አባትሽን ይዘሽ ነይ" አለኝ።

የምንማረው ምድር ቤት ነበር። ግማሾቹ ከአይሁድ ተወልደው ምንም ሳይማሩ ያደጉ ናቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ አይሁዳዊ ሊያገቡ ብለው ሃይማኖት የሚቀይሩ። ከነዚህ አንዷ ከቤልቪው የምትመጣ የኮምፒውተር መሐንዲስ ነበረች። የሥራ ባጇን ከአንገቷ ሳታወርድ እየሮጠች ትገባና ከአባቴ ጎን ትቀመጣለች። አባቴ "ይቺ ልጅ ጥሩ ልብ አላት" ይሉኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ረቢው ሁላችንንም ለምን እንደመጣን ጠየቀን። የአባቴ ተራ ሲደርስ እኔ እያስተረጎምኩ እንዲህ አሉ፦ "አባቶቼ ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው ሲጸልዩ ኖሩ። ከነሱ በቀር በዓለም ላይ ሌላ እስራኤል ያለ አይመስላቸውም ነበር። አለ ሲሉኝ ላየው መጣሁ።" አንዷ ሴትዮ አለቀሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ የክፍሉ ጌጥ ሆኑ። የክፍል ጓደኞቻችን ልጆቻቸውን እያመጡ ያሳዩዋቸዋል፤ ፎቶ አብረዋቸው ይነሣሉ። አይሁድ በታኅሣሥ ሻማ የሚያበሩበት የሐኑካ በዓል ሲደርስ አባቴ ስሙን እንኳ ሰምተው እንደማያውቁ ታወቀ። "እንዴት አታውቁም?" ሲሏቸው "ማን መጥቶ ነገረን?" አሉ። ሁሉም ሳቁ። አባቴም አብረው ሳቁ። እኔን ያን ጊዜ ቅር አለኝ፤ ምን እንዳስቀየመኝ ግን ለራሴም አልገባኝም።

ትምህርቱ በፀደይ ሲያልቅ፣ የጨረስን ሁሉ በአንድ ሰንበት ጠዋት ጉባኤው ፊት ወደ ኦሪቱ እንጠራለን ተባለ። እያንዳንዱ ተማሪ ወጥቶ፣ ጥቅልሉ ፊት ቆሞ ቡራኬውን በዕብራይስጥ ይላል። የአባቴ ዐይን ደክሞ ስለነበር የዕብራይስጡን ፊደል ማጥናት አቃታቸው። እኔ ቡራኬውን በእኛው ፊደል፣ በትልልቁ ጻፍኩላቸው። አውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር ያነበንቡታል። ሰው ዞሮ ያያቸዋል፤ ግድ የላቸውም።

ሰንበቱ ሊደርስ ሲል ረቢው ከክፍል በኋላ ቢሮው አስገባንና በሩን ዘጋ። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ትሑት ሰው ነበር። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

"አንዲት ትንሽ ነገር አለች" አለ። "እኔ በግሌ የአባትሽን አይሁዳዊነት አልጠራጠርም። የምኩራቡ ኮሚቴ ውስጥ ግን የሚጠራጠሩ አሉ። ጥርጣሬው እንዲነሣ ሥርዓቱን ቢፈጽሙ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አይልም።"

"የምን ሥርዓት?"

"ውሃ ውስጥ መጥለቅ" አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለወንድ ደግሞ ከተገረዘበት ቦታ አንዲት ጠብታ ደም። ፎርማሊቲ ነው።"

አባቴ አፍ አፌን ያያሉ። "ምን አለ?"

የውሃውን ብቻ ነገርኳቸው። ሳቁ። "ውሃማ ምን ገዶኝ! መታጠብ ስለምናበዛ ጎረቤቶቻችን 'ውሃ ውሃ ትሸታላችሁ' እያሉ ሲዘብቱብን አይደል የኖርነው? እሺ በይው። ሌላስ?"

ሌላውን ሴት ልጅ ለአባቷ በየትኛው አፏ ትናገራለች? ምንጣፉን እያየሁ፣ "አባዬ፣ ግርዛትዎን ይጠራጠራሉ። ከዚያ ላይ ደም ሊወስዱ ይፈልጋሉ" አልኩ።

አልተቆጡም። ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ራሳቸው ላይ አደረጉ። "በስምንተኛው ቀን ተገርዣለሁ በይው። ምስክር ካለ፣ ምስክሮቼ ጎንደር ተቀብረዋል። እናትሽ ደግሞ ሱዳን በረሃ ላይ ቀርታለች። እነሱን ይጠይቅ።" ከወንበሩ ተነሡና በሩ ጋ ሲደርሱ ዞሩ። "ውሃውንም ትቻለሁ በይው። ለሰንበት ብዬ እጠመቃለሁ እንጂ ለጥርጣሬ ብዬ አልጠመቅም።"

በማግስቱ የቤልቪዋ ልጅ ኮል አደረገችልኝ። እሷ ያን ሳምንት ውሃው ውስጥ ገብታ ሃይማኖቷን ቀይራለች። "ስወጣ እንደገና የተወለድኩ መሰለኝ። አባትሽ ለምን እንደፈሩ አልገባኝም" አለችኝ፤ ከልቧ ነው። ለአባቴ ነገርኳቸው።

"እሷ ወደ ቤት ልትገባ ነው የታጠበችው፤ ደግ አደረገች" አሉ። "እኔ ግን ውስጥ ነኝ። ከውስጥ አስወጥተው እንደገና አንኳኳ ነው የሚሉኝ።"

ከእኔም ያው ውሃ ይጠበቅ ነበር፤ ሳልነካው ቀረሁ። ሰንበቱ ሲደርስ ከቤት የምንወጣ አልመሰለኝም ነበር። አባቴ ግን በጠዋት ነጭ ኩታቸውን ለብሰው ጠበቁኝ። "ሲጠሩ ልስማላቸው እንጂ፤ አብረን ተምረን የለ?" አሉኝ። በሰንበት መኪና ስለማይሳፈሩ ዳገቱን በእግራችን ወጣን። ምኩራቡ ደጃፍ ስንደርስ የክፍል ጓደኞቻችን መኪናቸውን ፓርክ እያደረጉ ይወርዳሉ። አባቴ ቆሙ።

"ሰንበት ዛሬ አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"እነዚህስ አልተጠረጠሩም?"

 ገብተን የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። እያንዳንዳቸው በዕብራይስጥ ስማቸው እየተጠሩ ወጡ። የቤልቪዋ ልጅ አዲስ በወጣላት ስም ተጠራች፤ እጮኛዋ እንባውን ጠረገ። የአባቴ ከንፈር ከእያንዳንዱ ቡራኬ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር።

ምሳ ላይ ረቢው ብርጭቆውን አንኳኳና፣ "ውድ ሽማግሌያችን በራሳቸው ቋንቋ አንድ ቃል ቢሉን" አለ። አባቴ ተነሡ።

"አገሬ ላይ አይሁዳዊ ነህ ብለው መሬት ከለከሉኝ። እዚህ አይሁዳዊ አይደለህም ብላችሁ መጽሐፉን ከለከላችሁኝ። ተነጋገሩና አንዱን ምረጡልኝ።"

ቃል በቃል አስተረጎምኩት። ምንም አላለዘብኩም። አዳራሹ ሙሉ አጨበጨቡ። አንድ ሰው "ምን ዓይነት ጥበብ ነው!" ሲል ሰማሁ። ረቢው ብቻ ሳህኑን ያይ ነበር።

አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ነግረሻቸዋል?"

"አንድም ቃል አላስቀረሁም።"

"ታዲያ ምን ሆነው ነው የሚያጨበጭቡት?"

ወደዚያ አልተመለስንም። ረቢው ደጋግሞ መልእክት ተወልኝ፤ ኮሚቴው ነገሩን እንደገና እያየው ነው ይላል። አባቴ ዓርብ ዓርብ የመታጠቢያውን ገንዳ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው ይገቡበታል፤ ቅዳሜ በመስኮቱ በኩል ቆመው በግዕዝ ይጸልያሉ። አብሬያቸው መቆም ነበረብኝ፤ ቅዳሜ ግን የሥራ ቀኔ ሆነ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ በሳንባ ምች ታመው ሆስፒታል ሞቱ። ለቀብሩ የደወልኩት ለረቢው ነው፤ ሌላ ማንን ላውቅ? የአይሁድ መቃብር ስፍራ እንዲቀበላቸው ለመነ። ወረቀት አምጡ ተባልን። ምንም ወረቀት ስላልነበረን ሁሉም ሰው በሚቀበርበት መቃብር ቀበርኳቸው።

የቼሪ መንገድ ሴቶች ሰምተው መጥተው ነበር። ቄስ አለመጥራቴን ሲያዩና ረቢውን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። ሁለቱ እስከ መጨረሻው አብረውኝ ቆሙ፤ ሌሎቹ ሥራ አለን ብለው ሄዱ። የቤልቪዋ ልጅም አበባ ይዛ መጥታ ነበር፤ አይሁድ ለቀብር አበባ እንደማያመጣ ስታስታውስ መኪናዋ ውስጥ መልሳ አስቀመጠችው።

በሥርዓታቸው ረቢው የሙታኑን ጸሎት እንዲል ዐሥር አይሁድ መሟላት ነበረባቸው። አልሞላም። "ከእናንተው ጸሎት የምታውቂውን በይላቸው" አለኝ።

አባቴ የሚሉትን የግዕዝ ጸሎት ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ቃላት ያለ ችግር ወጡ። ከዚያ በኋላ ያለው ጠፋኝ። ወደ ኋላ ተመልሼ ደግሜ ጀመርኩ፤ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ቀጣዩን የሚነግረኝ ሰው ሲያትል ውስጥ አልነበረም። ረቢው የማለቅስ መስሎት አንገቱን ደፍቶ ዝናቡ ውስጥ ጠበቀኝ።