ከበሩ ውጭ ያለው ወንበር

አክስቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጽንስ በሚቋረጥበት ክፍል ነርስ ነበሩ፤ እኔም እዚያው ጽዳት ነኝ። አዲስ ነርስ ሲያሠለጥኑ መጀመሪያ ወንበር ጎትተው ከበሩ ውጭ ያኖሩ ነበር።

«ይኼ የአጃቢው ነው። ልጅቱን ብቻዋን ሳትጠይቂ ሥራ እንዳትጀምሪ» ይሉ ነበር።

ሲሞቱ ወንበሩን ማየት ቢከብደኝ ዕቃ ቤት አስገብቼ ቆለፍኩበት።

ሰሞኑን አንድ ሰው ከቡሬ አንዲት ልጅ ይዞ መጣ። እኔ ወለሉን ስወለውል፣ ተረኛዋ ነርስ ልጅቱን ስትጠይቅ እሱ ይመልሳል።

«ዓይናፋር ናት፤ እኔን ጠይቂኝ።»

ድንገት ከበሩ ውጭ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ሰውየው ሊያይ ሲወጣ በሩን ዘጋሁት።

«አጎቴ ነው» አለች ልጅቱ። «የምፈራው እሱን ነው፤ ወደ ቤቱ አትመልሱኝ።»

አልመለስናትም።

ወንበሩን ዛሬም ማታ ማታ እቆልፍበታለሁ፤ ቁልፉም እኔው ጋ ያድራል። ጠዋት ከበሩ ውጭ ሳገኘው፣ «እንዴት አደሩ፣ አክስቴ» ብዬ አልፋለሁ።