የዓይን አፋሩ ዘማች ደብዳቤዎች

ነፍሱን ይማረውና፣ ታላቅ ወንድሜ በደርግ ጊዜ ሰሜን ዘምቶ፣ ከመሬት በታች ምሽግ ውስጥ ሆኖ ለሚስቱ የፍቅር ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ወደ መንደራችን ወደ ጪጩ ከተመለሰም በኋላ አልተወም። ጥይት ያልፈራ ሰው እሷን ፊት ለፊት «እወድሻለሁ» ለማለት ያፍር ነበር። ጽፎ ለእኔ ይሰጠኝና እንሰቱ ውስጥ ይደበቃል። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔም እየተንተባተብኩ ነው የማነብላት። የተሻለ አንባቢ የፈለገ ዲላ መሄድ ይችላል እላቸዋለሁ።

«ውድ ባለቤቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ?»

«አሁን አብረን ቁርስ በልተን!» ትላለች እየሳቀች። «በል ቀጥል። ደግሞ የቀበሌ ማስታወቂያ አታስመስለው፣ ለስለስ አድርገው!»

ባለፈው ሳምንት ቀበርነው። ትናንት አሮጌዎቹን ደብዳቤዎች ላንብብልሽ ብላት እምቢ አለች።

«ተወው» አለችኝ። «የሚያፍር ሰው ከሌለ ምን ይጥማል?»