ውዴና የአለንጋው ክርክር

ደብረ ታቦር ገበያ ድንች የምትሸጠውን ውዴን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ድምፅዋ ከገበያው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል፤ ሳቋም እንዲሁ። በሰፈሯ ደግሞ በአለንጋዋ ትታወቃለች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው፤ ልጅ መቅጣት የእሷ ድርሻ ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ ሚሚ ውሃ ስትደፋ፣ ታላቅ ወንድሟ ከትምህርት ቤት ሲዘገይ፣ አለንጋው ከተሰቀለበት ይወርዳል። ውዴ በዚህ አታፍርም።

“እኔ ራሴ በአባቴ ልምጭ ነው ሰው የሆንኩት!” ትላለች።

ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግሥት የሰፈሩ ሰንበት ትምህርት ቤት ለምእመናን ክርክር አዘጋጀ። ርእሱ “ክርስቲያን ልጁን ሊመታ ይገባል ወይስ አይገባም?” የሚል ነበር። ወሬው ሲሰማ ሰፈሩ ታመሰ። “አይገባም” በሚለው ወገን የመዋዕለ ሕፃናት መምህርቷ ሰላማዊት ቆመች። “ይገባል” በሚለው ወገን ጡረታ የወጡት መምህር አለሙ ተመደቡ። ለእሳቸው ረዳት ሲፈለግ ሰዉ ሁሉ በአንድ ድምፅ “ውዴ!” አለ።

ውዴ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጠች ወዲህ ማይክ ጨብጣ ሰው ፊት የምትቆምበት ቀን ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም። አዲስ ነጠላ ገዛች። ድንች እየመዘነች “ሰሎሞን ስለ በትር የተናገረውን ታውቃለህ?” እያለች ደንበኛውን ሁሉ ታፋጥጥ ጀመር።

“ምስክር ቢኖረን ጥሩ ነበር” አሏት መምህር አለሙ። “በቅጣት ያደገ ሰው ታሪክ።”

“እሱን ለእኔ ይተዉት!” አለችና በነጋታው አባቷ ወዳሉበት ወደ ጉና ተነሣች።

ከሚኒባሱ ወርዳ ዳገቱን በእግሯ ወጣችው። አባቷ አያ ዘውዱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከገብሱ ማሳ ዳር በጎቻቸውን ይጠብቃሉ። ጉልበታቸውን ስማ ሳትቀመጥ ጉዳይዋን አፈነዳችው።

“አባየ፣ ልጅ ሆኜ እንዴት ይገርፉኝ እንደነበር ይንገሩኝ። ጉባኤ ላይ ልናገረው ነው!”

ሽማግሌው ግር አላቸው። “ስንት ጊዜ ገረፍኩሽ?”

“እሱማ ተቆጥሮ ያልቃል?”

“አንድ ጊዜ ነው ልጄ። በጎቹን ጎረቤት ገብስ ላይ ለቀሽ ስትጫወች የዋልሽ ዕለት።” አሉ አያ ዘውዱ። “ከዚያ በኋላ እኔ ስገባ አንች ትወጫለሽ። እየተከተለች ወሬ የምትነግረኝ ልጅ ጠፋችብኝ። ጨነቀኝና ለነፍስ አባቴ ተናገርኩ። ‘መጽሐፉ በትር ይላል ብዬ ነው’ ብላቸው፣ ‘አንተ እረኛ አይደለህም? በትርህን የያዝከው በግህን ልትሰብርበት ነው ወይስ ቀበሮ ልታባርርበት?’ አሉኝ። የንስሐ ስግደት ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ እጄን አንሥቼብሽ አላውቅም።”

“ታዲያ ማን ቀጣኝ? እኔ እኮ የተቀጣሁ ልጅ ነኝ!”

“ቀጣሁሽ እንጂ! ከስግደቱ በኋላ እጅሽን ይዤ ገብሱ የተበላበት ሰው ቤት ወስጄ ይቅርታ አስጠየቅሁሽ። ከእሱ ማሳ አብረን ስናርም ከረምን። ዳግመኛ አልመታሁሽም እንጂ መች ተውኩሽ?”

ውዴ ዳገቱን ቁልቁል ወረደች። ያ አረም ትዝ አላት፤ እጇ መላላጡ፣ አባቷ ከጎኗ ጎንበስ ብለው ማረማቸው። ስንት ዓመት ሙሉ ልምጩን ብቻ ስታወራ ኖራለች! ምስክር ፍለጋ ወጥታ ያገኘችው ምስክር ለሰላማዊት የሚሆን ነው። ግን ለመምህር አለሙ ቃሏን ሰጥታለች። “ዝም ብዬ የተዘጋጀሁበትን እናገራለሁ” ብላ ቆረጠች።

በማግሥቱ እሑድ አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠለጠለ። መድረኩን ቄስ ሞገስ ይመራሉ። ሰላማዊት ቀድማ ተነሣችና ጌታ ሕፃናትን አቅፎ እንደባረካቸው፣ ሐዋርያው አባቶችን ልጆቻችሁን አታስቆጡ እንዳለ ተናገረች። እልልታ ሆነ። መምህር አለሙም ወደ ኋላ አላሉም፤ “ፍቅር ማለት ልጅን ልቅ መስደድ ነው እንዴ? ፈጣሪም የሚወደውን ይገሥጻል!” ሲሉ ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ።

የውዴ ተራ ደረሰ። ማይኩን ስትይዝ ፍርሃቷ ብን ብሎ ጠፋ። እንደ ገበያው አደረገችው፤ ሰዉ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ እሷም ትጋጋላለች።

“ልጅ ካጠፋ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ እንዲህ!” አለችና ቀኝ እጇን ወደ ላይ አነሣች።

ከፊት የተቀመጠችው ሚሚ ሁለት ክንዶቿን አንሥታ ራሷን ሸፈነች።

መጀመሪያ ሰዉ ሳቀ። ልጅቷ ክንዶቿን ሳታወርድ ስትቀር ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። የውዴ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሲወርድ ድምፅዋም አብሮ ወረደ።

“ይህን ልናገር አልመጣሁም” አለች። “ትናንት አባቴ ዘንድ ነበርኩ።” ከዚያ ስለ ገብሱ፣ ስለ ልምጩ፣ ስለ ስግደቱ፣ ስለ አረሙ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ስትጨርስ የተቀመጠችበትን ወንበር ብድግ አድርጋ መድረኩን አቋርጣ ሰላማዊት ጎን አኖረችው።

አዳራሹ ተናወጠ! እናቶች እልል አሉ፤ ወጣቶቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጡ። መምህር አለሙ ተነሥተው “አባታችን፣ ረዳቴ ከዳችኝ!” ሲሉ ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ቄስ ሞገስም እየሳቁ ዕንባቸውን ጠረጉ፤ ማን አሸነፈ ግን አላሉም። “ሁለታችሁም ልጅ ይታረም ትላላችሁ። እያንዳንዳችን ቤታችን ስንገባ፣ ያረምነው ጥፋቱን ነው ወይስ ንዴታችንን ነው የተወጣነው ብለን ራሳችንን እንጠይቅ” ብለው ጉባኤውን በጸሎት ዘጉ።

ያን ማታ ውዴ አለንጋውን ቆራርጣ የጆንያ ማሰሪያ አደረገችው። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አላለቀም። ጩኸቷ እጥፍ ሆነ፤ ጎረቤቶቿ “አለንጋው ይሻለን ነበር” እያሉ ይቀልዱባታል። በፍልሰታ ጾም ታላቁን ልጅ በጥፊ መታችውና ወዲያው ይቅርታ ጠየቀችው፤ ልጁን ከጥፊው ይልቅ ይቅርታው አስደነገጠው። መምህር አለሙም ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ ከቅዳሴ መልስ እስከ ቤታቸው በር ሲከራከሯት ይሄዳሉ።

በመስከረም አንድ ቀን ግን ሚሚ ቁና ቁና እየተነፈሰች ገበያው መሀል ደረሰች።

“እማየ! አባየ ያመጣውን ፔርሙዝ ሰበርኩት! እኔ ነኝ!”

ውዴ ሚዛኑን ትታ ተነሣችና ልጇን አቅፋ እልልታዋን አቀለጠችው። ድንች ሊገዙ የቆሙት ግራ ገባቸው።

“ምን ተገኘ ውዴ?”

“ፔርሙዜ ተሰበረ!” አለች እየሳቀች። “ነገረችኝ እኮ! ማንም ሳይጠይቃት፣ ራሷ ሮጣ መጥታ ነገረችኝ!”

ለፔርሙዙ ቅጣት እንዲሆናት ቅዳሜን ሙሉ ሚሚ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ የበሰበሰውን ድንች ከደህናው ስትለይ ዋለች።